ማኅተም የሌለው ማሳሰቢያ

ጁባ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣
ቡሬ

የኔታ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይጥፋ። እንደምን ከረሙ? እትዬ አቻምየለሽ የጉልበታቸው ሕመም ተሻላቸው? በርበሬው ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ ከወጥ ቤቱ ሙቀት በቀር የሚያማርረኝ የለም። የሆቴሉ ባለቤት የደብረ ማርቆስ ሰው ስለሆነ በበዓል ቀን ያሳርፈኛል።

አባቴ የአጎትዎ ልጅ መሆኑን ብቻ ይዤ ልጄን ደጅዎ አድርሻት ስወጣ፣ አንድም ቀን «እስከ መቼ?» አላሉኝም። ውለታዎን እሱ ይክፈልልኝ። እህተ ማርያም ስምንተኛ ክፍል መግባቷን ወንድሜ አለበል ነገረኝ። እሱ ለንግድ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ ይደውልልኛል፤ የእናንተ ስልክማ ከጠፋ ቆየ።

አምና የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ሠርክአዲስ የትምህርት ቤቱን ማሳሰቢያ በቴሌግራም ትልክልኝ ነበር። «የወላጆች ስብሰባ ዓርብ ነው። ጥፍር ይቆረጥ። ደብተር ይለበድ። ያረፈደ ተማሪ ከወላጁ ጋር ይምጣ።» ሽንኩርት እየከተፍሁ አነበው ነበር። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ማሳሰቢያው በደረሰኝ ቀን ልጄን ደጅ ላይ ቆሜ የሸኘኋት ያህል ይሰማኝ ነበር። አሁን ኢንተርኔቱ ስለሌለ፣ እባክዎ ትምህርት ቤቱ ለቤተሰብ የሚለውን ሁሉ በእጅዎ ገልብጠው ይላኩልኝ። ምንም አይቀንሱ፣ ምንም አይጨምሩ። ልጅቱም በገዛ እጇ ሁለት መስመር ታክልበት።

ዲያቆን ተስፋው ዛሬም እርስዎ ዘንድ ነው የሚማረው? ሊቀስስ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሳያገባ አይቀስስምና፣ ለሱ የምትሆነውን ይስጠው።

ይህን ወረቀት በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው እስከ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በርበሬ የሚጭነው ሾፌር አድማሴ ይረከበዋል።

ጸሎትዎ ይከተለኝ።
ልጅዎ ምሕረት


ቡሬ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረት፣

በሰው አገር ያለሽውን ልጄን የሚጠብቅሽ መልአክ እንቅልፍ አይውሰደው። እኛ ስሙ ይመስገን አለን። የአቻምየለሽ ጉልበት ብርድ ሲመጣ ይቆጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይታረቃል። በርበሬው ቀልቷል። ጤፉም ታጭዶ ተከምሯል።

ማሳሰቢያውን ላክልኝ ብለሻል። ሳልቀንስ ሳልጨምር እነሆ። ተማሪዎች የደንብ ልብስ አይልበሱ፣ ነጠላ ይበቃል። ተሰብስበው አይምጡ፣ አንድ አንድ እያሉ ይምጡ። ቤተሰብ ለልጁ መቀመጫ ይላክለት፤ በርጩማም ቢሆን፣ አጎዛም ቢሆን። ደብተር በእጅ ይዞ በመንገድ መሄድ ክልክል ነው። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት አይምጣ፤ የሚነገር ሲኖር በማኅበር ቀን ይነገረዋል።

ልጅሽ ጤናዋ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ጠበል ትሄዳለች። ተስፋው አለ። የሱም ነገር ጊዜው ደርሷልና ከቅበላ በፊት እንቋጨዋለን ብለናል። ስለ ቀረው ሌላ ቀን።

የአብርሃም አምላክ በሄድሽበት ይቅደምልሽ።
ወልደ ዮሐንስ

እማ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። አይናለም አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። የወንዳወቅ ልጅ፣ ታውቂያታለሽ። የኔታ ብዙ አትጻፊ ብለውኛል። እህተ ማርያም።


ጁባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

ጤናና ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። አንዴ አነበብሁት፤ ደስ አለኝ። ደግሜ አነበብሁት፤ ደስታዬ ቀነሰ። ሦስተኛ ሳነበው የጣድሁት ወጥ አረረ።

እኔም እኮ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማርሁት። ዴስኩ ይጠብ ነበር እንጂ መቀመጫ አልጠፋም። የደንብ ልብስ ያልለበሰ ተማሪ ከበር ሲመለስ አይቻለሁ፤ የለበሰ ሲከለከል ግን አላየሁም። ወላጅ አልመጣም ብሎ ልጅ የሚያስወጣ ዳይሬክተር ነበር የማውቀው። ወላጅ አይምጣ የሚል ትምህርት ቤት ከመቼ ወዲህ ነው? ደብተርስ በእጅ ካልተያዘ በምን ይያዝ? ደግሞስ ልጄ ለእናቷ የምትጽፈው ምኑ በዛ?

ጠበል የሚለውን ቃል ባይጽፉት ምነው። እህቴን አደይን አይረሷትም። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አንድ ጥር ከቤት ጠፋች። «የት ሄደች?» ስል «አሟት ጠበል ወስደናት ነው» አሉኝ። መምህሩ ሲጠይቅም «ጠበል ናት» ተባለ። ለካ ድረዋት ኖሯል። በዓመቱ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ጤነኛ ልጅ ጠበል ሄደች ሲሉኝ አላምንም። እርስዎ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ የተስፋውን ጊዜ መድረስ ጻፉልኝ።

እርስዎን ጠረጠርሁ አላልሁም። ነገር ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ሲባል ነው ያደግሁት። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ ማሳሰቢያውን ራሱን፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይላኩልኝ። የክፍል ኃላፊዋ ማን እንደሆነች፣ ፈተናውም መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ። ልጅቱ ደግሞ እንዳሻት ትጻፍ።

ቃሌ ከብዶ ከሆነ የናት ሆድ ነውና ይለፉኝ።
ምሕረት


ቡሬ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረት፣

በጥምቀቱ የተረጨው በረከት አንቺ ካለሽበት ይድረስ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታው ተቀዶ ነበር። አድማሴን አትጠርጥሪው፤ የተከፈተው መንገድ ላይ ነው። ያንቺን ከእኔ በፊት ሰው አንብቦታል፣ የእኔንም ካንቺ በፊት ሰው ያነበዋል። እንግዲህ ወንፊት ላይ ውኃ ማፍሰስ ምን ይሆናል?

የአደይን ነገር አልረሳሁም። ጠበል ያልሁት ግን አንቺ እንዳሰብሽው አይደለም፤ ሌላ ቃልም የለኝም። ማኅተም ያልሽው አይገኝም። ባለ ማኅተሙ ርቋል። መምህርቷ ያችው አምና የምታውቂያት ናት፣ የምትበላውም ከእኛ ጋር ነው። የመንፈቁ ፈተና አገሩ ጸጥ ባለ ቀን ይሆናል።

አዲስ ማሳሰቢያም አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሽሮም ከእህልም ያለውን ለመምህር ያዋጣ። ልጆች ወሬ አያውሩ። ሰው «ከየት መጣችሁ?» ቢላቸው የሚመልሱትን ቤተሰብ ያስጠናቸው።

እህተ ማርያም እንድትጽፍ ፈልጌ ነበር፤ አድማሴ ቸኮለብንና ሳትመጣ ቀረች። ምንጭ ሲደፈርስ ውኃው ጥላ ሥር ይገባል ልጄ፤ ደረቀ አይባልም። ይህን በልብሽ ያዢው።

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፍልሽ።
ወልደ ዮሐንስ


ጁባ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣

ሰላምታዬን እንደ ወትሮው ማሳመር አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አለበል ትናንት ከባሕር ዳር ደወለልኝ። ባለፈው ሳምንት በቡሬ ሲያልፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ብሎ ነበር። በሩ በሰንሰለት ታስሯል አለኝ። ሣሩ ከመስኮት ደርሷል፤ ፍየል ሰንደቁ ሥር ይግጣል። «ከጥቅምት ወዲህ ተማሪ የረገጠው የለም» አሉት ጎረቤቶቹ። ታዲያ በኅዳርና በጥር የጻፉልኝ የማን ማሳሰቢያ ነው? የሌለ ትምህርት ቤት ምን ብሎ ያሳስባል?

ይህ ብቻ አይደለም። በሥራ ቀን፣ በማለዳ፣ ልጄን በነጠላ ተሸፋፍና አይቷታል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ትሄዳለች፣ ከፊቷ ተስፋው አለ። ሊያናግራት ቢጠጋ ተስፋው እጇን ይዞ አሳለፋት። ገበያ ላይ ደግሞ እትዬ አቻምየለሽን አገኛቸው፤ ጌሾና የጥልፍ ቀሚስ ገዝተዋል። «ለማን ነው?» ቢላቸው «ለሙሽራ» ብለው ሳቁበት።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው የኔታ! ፊደል የቆጠርሁት በእርስዎ እጅ ነው። ቅኔ ያውቃሉ፤ ሰሙን ለእኔ ሰጥተው ወርቁን እንደሚደብቁ ግን አላወቅሁም።

አለበልን ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ልጄን ወደ ፍኖተ ሰላም እንዲያመጣት አዝዣለሁ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስዎት እሱ ከደጅዎ ይቆማል።

ምሕረት


ጁባ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

መልስዎን ስጠብቅ ጾሙ ተጋመሰ። አለበልም ከሄደበት አልደወለም። ስልኩን ሌት ተቀን ከእጄ አላወርድም። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ «ደህና ናቸው» ይለኛል፤ ማንን እንዳየ ስጠይቀው ግን ማንንም አላየም።

ድራችኋት ከሆነ ድረናታል በሉኝ። ሞታም ከሆነ ሞታለች በሉኝ። እኔ በማላውቀው ነገር መንደድ አልቻልሁም።

አንድ ቃል ብቻ።
ምሕረት


ቡሬ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረት፣

ሞትን የረታው ጌታ አንቺንም ከጭንቅሽ ያውጣሽ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ፦ ልጅሽ አለች። አልተዳረችም። ትማራለች። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ይህን ደብዳቤ በጉያዋ ይዛ የምትወጣው መምህርት ሠርክአዲስ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ አንቺ ለሚመጣ ሰው በእጇ ትሰጠዋለች። ስለዚህ እንደ ቅኔ ሳይሆን እንደ ወሬ እጽፍልሻለሁ።

ትምህርት ቤቱ በጥቅምት መጨረሻ ተዘጋ፤ አለበል እውነቱን ነው። ዳይሬክተሩ ማኅተሙን ይዞ ሄደ፣ መምህራኑም ተበተኑ። ሠርክአዲስ ግን አንድ ማለዳ መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክማ ከቤቴ መጣች። «የኔታ፣ ስምንተኞቹ ዘንድሮ ካልተፈተኑ ሴቶቹን ይድሩብናል» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን የቅኔ ተማሪዎቼን ጎጆ ለቀቅሁላት። መምህር ሲያስተምር አንዱ ወገን አይወደውም፣ ሲዘጋ ሌላው ወገን ይጠይቀዋል። ማን ከማን እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ አይጠቅምሽም። ወላጆቹ ተማከርንና የልጆቹን ውሎ «ጠበል» አልነው። ነጠላ አስለበስናቸው፣ አንድ አንድ እያልን አስገባናቸው፤ ተስፋው መንገዱን እያየ ከፊት ይሄዳል። ማሳሰቢያ እያልሁ የጻፍሁልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ የዚያች ጎጆ ማሳሰቢያ ነው። ያንቺን ቁስል በዚያ ቃል እንደምነካው ግን አላሰብሁም ነበር።

አለበል የመጣው የገበያ ቀን ነው። ሽማግሌዎቹን ከኋላው አስከትሎ፣ ገና ከአጥሩ ውጭ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማው ጮኸ።

«መሪጌታ! የእህቴን ልጅ ያውጡ! ትምህርት ቤት ናት እያሉ ለደቀ መዝሙርዎ ሊድሯት ነው!»

«ግባና ተቀመጥ፣ ልጄ» አልሁት።

«አልቀመጥም! የት ነው የደበቃችኋት?»

ከቤት የወጣችው ምስክር ነበረች። ምስክር ተስፋው ከገበዝ ማርያም ያገባት ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ሳምንቷ ገና ያልሞላ ሙሽራ። ቀሚሱም ጌሾውም የሷ ነበር። ውኃ ይዛ እጁን ልታስታጥበው ጎንበስ ስትል አለበል ጥልፉን አየና እጁን ለውኃው ዘረጋ። እውነትም ስሟ ምስክር ሆነልን። ነገር ግን ጩኸቱ ከአፉ ወጥቶ አልቋል። ሰው በአጥሩ ላይ ተኮልኩሏል።

እህተ ማርያም ድምፁን ሰምታ ከጎጆዋ ሮጣ መጣች። ጣቶቿ ጠመኔ በጠመኔ ሆነዋል።

«አጎቴ፣ ምነው? ሒሳብ ላይ ነን እኮ» አለችው።

አለበል ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ማታውን ከተማው ሁሉ አወቀ። በማግሥቱ ሰዎች መጥተው ወሰዱኝ። «ምንድን ነው የምታስተምረው?» አሉኝ። «ቅኔ» አልሁ። «ሒሳብ ነው ይባላል» አሉኝ። «ቅኔም ሒሳብ ነው፤ ቤቱ ካልሞላ ይፈርሳል» አልኋቸው። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አልሳቀም። ሰንብቼ ተለቀቅሁ። ስመለስ ጎጆዋ ባዶ ነበረች። ወላጅ ሁሉ ልጁን ሰብስቦ ነበር፤ ሠርክአዲስም እንድትወጣ ተነግሯታል።

አለበልን አትቆጪው። ልጅሽን ወደ ፍኖተ ሰላም አልወሰዳትም። አዴት ትምህርት አለ፣ ከተዘጋበት የመጣውንም ይቀበላሉ ሲባል ሰምቶ እዚያ አደረሳት፤ አቻምየለሽ እህት አለቻት፣ እሷ ዘንድ ናት። አልደወለልሽም፤ «ምን ብዬ?» ነው የሚለው።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልንገርሽ። አይናለምን፣ ከልጅሽ ጎን ትቀመጥ የነበረችውን፣ አባቷ ወንዳወቅ ለአንድ ባለ ወፍጮ ልጅ ሰጥቷታል። ጎጆዋ ሳለች ባለ ወፍጮው ሲመጣ «ፈተናዋን ትጨርስ» እያለ ይመልሰው ነበር። ጎጆዋ ስትዘጋ የሚመልስበት አጣ። ሠርጉ በግንቦት መጨረሻ ነው። የመንደሩ ሴቶች «ልጅቱ የት ናት?» ሲሉት «ጠበል ወስደናታል» ይላቸዋል።

ልወቅስሽ አይደለም። እንድታውቂው ነው።
ወልደ ዮሐንስ


ጁባ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

የታሰሩበትን ቀን ሁሉ ጌታ በዕድሜዎ ይቀጥልልዎ። ይቅርታ ብዬ ልጀምር አልሁና ብዕሩ አነሰብኝ። ጉልበትዎን ስሜ የምለምንበት ቀን ይምጣ፤ አሁን ግን ጊዜ የለንም።

መምህርት ሠርክአዲስን በስልክ አግኝቻታለሁ። አይናለም ልጄ ወዳለችበት ብትሄድ ለመመዝገብ አሁንም እንደሚቻል ነገረችኝ። እህተ ማርያም የምትተኛበት አልጋ ለሁለት ይበቃል፣ ስንቃቸውን ለእኔ ይተዉት። ይህችን ቁራጭ ለአቶ ወንዳወቅ ያንብቡለት፦

«ወንድሜ ወንዳወቅ፣ አታውቀኝ ይሆናል። ልጅህ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ እናት ነኝ። የልጆቻችን ጎጆ የተዘጋው በእኔ ጥርጥር ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱን በልጅህ ላይ አታሳርፈው። ዝምድናህን አፍርስ አልልህም። እስክትፈተን ብቻ አቆያት። እኔ አንድ እህት በዚህ መንገድ ሸኝቻለሁ። ስትሄድ እኔም ልጅ ስለነበርሁ የሚሰማኝ አልነበረም። አሁን ግን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ስማኝ።»

የኔታ፣ ይህን ሲያነቡለት ፊቱን ይዩት። ዝም ካለ ተስፋ አለው። እሺ እሺ ካለ ግን አይመኑት።

ልጅዎ ምሕረት


ቡሬ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሕረት፣

የክረምቱ ደመና ለእኛ ዝናብ፣ ለአንቺም ጥላ ይሁንልሽ። ያንቺን ቁራጭ እንደደረሰኝ ይዤ ወደ ወንዳወቅ ሄድሁ። ሽማግሌ አላስከተልሁም። ከበሬው ጋር ማሳ ላይ ነበር፤ እስኪመለስ ጠብቄ ከቤቱ ውስጥ አነበብሁለት።

«ይች ሴት ማን ናት?» አለኝ።

«ልጇን ሊድራት ነው ብላ የጠረጠረችኝ ናት።»

«እርስዎን?» ብሎ ሳቀ። «መሪጌታን የሚጠረጥር ሰው አለ?»

«አለ እንጂ። ጁባ ሆና። ወላጅ አይምጣ ያልኸው ለምንድን ነው፣ ልጄስ ለምን ብዙ አትጽፍም እያለች አስጨነቀችኝ። ወንድሟን ላከችብኝ፣ በገበያ ቀን አዋረደችኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን እንዲህ እላለሁ፤ የሷ ልጅ የሚጠረጥርላት ሰው ነበራት። ያንተን ልጅ ማን ጠየቀላት? ጠበል ናት አልህ፣ መንደሩ አሜን አለ። አሜን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ወንዳወቅ ጨዋ ነው ብዬ።»

ወንዳወቅ ዝም አለ። ከጓዳ የአይናለም እናት «እኔ ጠይቄ ነበር» አለች። «ማን ሰማኝ!»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ የኔታ» አለኝ ወንዳወቅ።

«ቃልህ ይቆይህ። ልጅቱ ትፈተን።»

እሺም እንቢም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አለበል ለመንገድ ሲነሣ፣ ወንዳወቅ ልጁን ይዞ ከመናኸሪያው ቆሞ ነበር። አልመረቃት፣ አልሳማት። አውቶቡሱ ሲሄድ ግን ሰው ሁሉ ሲበተን እሱ አልተንቀሳቀሰም። ባለ ወፍጮዎቹ ተቆጥተው ሽማግሌ ላኩበት። «ለመኸር እንነጋገር» ብሎ መለሳቸው። በመኸር ምን እንደሚል ማንም አያውቅም፤ እኔም አልምልልሽም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከቤቴ ይመጣል። ከእርሻ ከነጭቃው ይመጣና ሳይቀመጥ ይጠይቃል።

«የኔታ፣ ልጄን ያያት ሰው አለ?»

«አለበል አይቷታል።»

«ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ቤት?»

«ክፍል ውስጥ።»

«ማን አለ አጠገቧ? መምህሩ ወንድ ነው ሴት? የሚኖሩበት ቤት ሰው ይበዛዋል?»

ልጁን ለማያውቀው ቤት ሊሰጥ የነበረ ሰው፣ አሁን ያሳደሯትን ሰዎች ዘር ይቆጥራል። ትናንት ፈተናው ሰኔ 5 መሆኑን ብነግረው «ሰው ያየውን አላምንም» ብሎ ተነሣ፤ ዛሬ ማለዳ ወደ አዴት ወጣ። ሊያያት ይሁን ሊያመጣት አልነገረኝም። ፊቱን አየሁት፤ አልገባኝም። አቻምየለሽ «ተከተለው» አለችኝ። ስለዚህ ብዕሬን እዚህ ላይ አንሥቼ ልወጣ ነው።

አዴት፣ ሰኔ 5 ቀን።

መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ወንዳወቅን ያገኘሁት ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ነው። ከአጥሩ ሥር፣ ከእናቶቹ መካከል፣ ብቻውን ወንድ ሆኖ ቆሟል። ሲያየኝ አልደነገጠም።

«ገብታለች» አለኝ። «በዓይኔ አየኋት። የእርስዎዋም ልጅ ከጎኗ ናት።»

«እንግዲህ ና፣ እህል እንቅመስ» አልሁት።

«አልሄድም። ባለ ወፍጮዎቹ ሰው ልከው ቢሆንስ? ይህ ትምህርት ቤት ሁለት በር አለው።»

አይቼው ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ዝናቡ መጥቷል። እሱ በፊተኛው በር ቆመ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ኋለኛው ዞርሁ።

ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ቆሜ ነው። ደወሉ ገና ነው።

ያባቶችሽ አምላክ ያግናኘን።
ወልደ ዮሐንስ